ዘጠኝ ሰዓት የሚለው መልእክት

ያኔ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሆነው ነገር አይገባችሁምና ከዚያ ልጀምር። ሀያት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ በሰቃ ነው። አባቴ ከስልጤ መጥቶ እዚያው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ከሱቁ በላይ አንዲት ክፍል ነበረችው፤ ድሮ ሚስማርና ቆርቆሮ ይከማችባት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ «ይቺን ክፍል ስጠኝ» አልኩት፤ ሰጠኝ። ሶፍትዌር የምንሠራባት ቢሮ እሷ ናት።

በራሴ የምተማመን ሰው ነኝ። ዛሬም ነኝ፤ ያኔ ግን ልክ አልነበረውም። ሌላው ሦስት ቀን የሚፈጅበትን ኮድ በአንድ ከሰዓት እጨርሳለሁ። እጨርስና ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ከእኔ በኋላ መጥቶ ያንን የሚያነበው ሰው ምን ይሆናል ብዬ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ካልገባው የራሱ ጉዳይ ነው ባይ ነበርኩ።

በቢሮው ሦስት ነን። ብሩክ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው፤ ደንበኛ ያመጣል፣ ደንበኛ ያባብላል፣ ሲያስፈልግም ትንሽ ይዋሻል። ሦስተኛው ጋሽ ወርቁ ናቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በክር ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ነው፤ ፋብሪካው ሥራ ሲቀንስ ቤት አልተቀመጡም፣ ከልጆቻቸው እኩዮች ጋር ቁጭ ብለው ፕሮግራሚንግ ተማሩ። ቀስ ብለው ይጽፋሉ። የጻፉት ግን አይበላሽም።

ይህ ከመሆኑ ሦስት ሳምንት በፊት ጋሽ ወርቁ በእጃቸው የተጻፈች አንዲት ወረቀት ይዘው መጡ።

«ይቺ ምንድን ናት ጋሽ ወርቁ?» አልኳቸው።

«የአጻጻፍ ደንብ ነው። ለኮዱ። ሦስታችንም አንድ ዓይነት እንድንጽፍ ብዬ ነው።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኮድ ውስጥ አንድን ነገር ስታስቀምጡ ስም ታወጡለታላችሁ። ኮምፒውተሩ ለስሙ ደንታ የለውም፤ የፈለጋችሁትን ብትሉት ይሠራል። ስሙ የሚጠቅመው ለሰው ነው። የጋሽ ወርቁ የመጀመሪያ ደንብ ስም ሁሉ በውስጡ ያለውን በግልጽ ይናገር የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው ለደንበኛ አይለቀቅ ይላል። ሌሎችም ነበሩ፤ አልጨረስኳቸውም።

«ማቅለሚያ ቤት» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ «ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት በርሜል አይቀመጥም ነበር። የምታውቀው ሠራተኛ ብትታመምስ?»

ሳቅሁ። ወላሂ ሳቅሁ። «ጋሽ ወርቁ፣ እኛ እኮ ሦስት ሰው ነን። ይኼ ለትልልቅ ድርጅት ነው። ደግሞ እዚህ ፋብሪካ አይደለም፤ አይድከሙ።»

ብሩክም አብሮኝ ሳቀ። ጋሽ ወርቁ «ይሁን» አሉና ወረቀቷን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሰላምታ፣ ማታ «ደህና እደሩ»፣ በመሃል ሥራ ብቻ ሆነ። ማኩረፋቸው ገብቶኛል። ያልፍላቸዋል ብዬ ተውኩት። ሲገቡ ከወንበሬ እነሣለሁ፣ አንቱ እላለሁ፣ ውኃ እቀዳላቸዋለሁ። አንቱ እያልኩ ነው የናቅኋቸው።

በዚያን ሰሞን ትልቁ ደንበኛችን ሳሪስ አካባቢ ያለ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ነበር። ነርሶቹ የታካሚውን ቀጠሮ ይመዘግባሉ፤ የእኛ ሲስተም ከቀጠሮው ቀን በፊት በታካሚው ስልክ መልእክት ይልካል። ቀላል ሥራ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት የምንለው ለእሱ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ነርሶቹ በፈረንጁ ዘጠኝ ብለው ያስገባሉ፤ ጋሽ ወርቁ የጻፉት መልእክት ላኪ ደግሞ ስድስት ቀንሶ «3 ሰዓት» ብሎ ይልካል።

ነርሶቹ በዚህ ተማረሩ። ቀጠሮ በመዘገቡ ቁጥር በጭንቅላት መቀነስና መደመር ሰለቻቸው። ሐሙስ ጠዋት ብሩክ ይህንን ሲነግረኝ «ይኼማ ምን አላት» አልኩና ከዚያን ቀን ወዲህ የሚመዘገበው ቀጠሮ በራሳችን ሰዓት እንዲገባ አደረግሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የሰዓቱ ማስቀመጫ ስም ድሮም «ሰዓት» ነበር፤ አሁንም «ሰዓት» ብዬ ተውኩት። የፈረንጅ ይሁን የሀበሻ ስሙ አይናገርም። ወደ ራሴ ስልክ የሙከራ መልእክት ላክሁ፤ ደረሰኝ። መድረሱን እንጂ ምን እንደሚል አላነበብኩም። ለጋሽ ወርቁም ምንም አልነገርኳቸው፤ ተኮራርፈናል እኮ።

ሰኞ፣ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ስልኬ ጮኸ። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ምሕረት ናት።

«ሀያት፣ እትዬ አስካለ የሚባሉ ታካሚ አሉን። ዛሬ ሦስት ሰዓት ነበር ቀጠሯቸው፤ አልመጡም። ዓርብም በሰዓቱ አልመጡም። ስልካቸው ዝግ ነው።»

ስማቸውን ፈልጌ አየሁ። «ሲስተሙ ላይ ሦስት ሰዓት ይላል፤ እያየሁት ነው። መልእክቱም ተልኳል። በእኛ በኩል ልክ ነው።»

«እሺ፣ ግን ሴትየዋ ከረቡዕ ጀምረው አልታጠቡም። አምስት ቀን ሆነ። ለአንዳንዱ ሰው ይኼ የሞት ጉዳይ ነው። ውኃው ሳንባ ላይ ይወጣል፣ ልብም ሊያቆም ይችላል። ረቡዕ እዚህ ሳሉ ሰዓታቸው ሊቀየር እንደሚችል፣ ከተቀየረ አዲሱን ሰዓት በመልእክት እንደሚያውቁት ነግሬያቸው ነበር። ሐሙስ ነው ከከሰዓት ወደ ጠዋት የቀየርኩላቸው።»

ሐሙስ ስትል ሰዓቱን የነካካሁበት ቀን መሆኑ ትዝ አለኝ። ቢሆንም «ሲስተሙ ልክ ነው» አልኳት ደግሜ።

ጋሽ ወርቁ ከኋላዬ ቆመው ይሰሙ ነበር። «የተላከውን መልእክት እንየው» አሉ።

ከፈትኩት። «እትዬ አስካለ፣ የነገ ቀጠሮዎ 9 ሰዓት ነው» ይላል። የዓርቡም እንደዚያው ነው። እኔ የጻፍኩት ኮድ በሀበሻ ሦስት ብሎ አስቀምጧል፤ የጋሽ ወርቁ መልእክት ላኪ የፈረንጅ መስሎት እንደልማዱ ስድስት አንሥቶለታል፤ ከሦስት ወደኋላ ስድስት ሲቆጠር ዘጠኝ ላይ ያርፋል። የሴትየዋ የድሮ ሰዓት ደግሞ ዘጠኝ ነበር። ምን ብለው ይጠራጠሩ? የሌሎቹ ታካሚዎች ቀጠሮ የወሩ ሁሉ ቀድሞ የገባ ነው፤ ከሐሙስ ወዲህ አዲስ የተመዘገበው የእሳቸው ብቻ ነው።

«ሐሙስ የነካካሽውን ዓርብ ጠዋት አይቼው ነበር» አሉ ጋሽ ወርቁ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «የማን ሰዓት ነው ብዬ ልጠይቅሽ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ተቀይሜሽ ነበር፣ ሀያት። እሷ ታውቃለች አልኩ።»

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሳቸው ነው። አይተው ዝም ይላሉ? ልል አፌን ከፈትኩና ያቺ የታጠፈች ወረቀት ትዝ ስትለኝ ዘጋሁት። የምናደድበት ሰው ሌላ እንዳልሆነ ገባኝ።

«ሲስተር» አልኩ በስልኩ፣ «ተሳስቻለሁ። መልእክቱ የነገራቸው ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ነው። የት ነው ቤታቸው?»

«ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም።» የብሎኩን ቁጥር ነገረችኝ። «አራተኛ ፎቅ ይላል፤ የቤት ቁጥር የለውም። ማሽኑን እስከ ስድስት ሰዓት እይዝላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሌላ ታካሚ ተራ ነው፤ ሆስፒታል ወረፋ መለመን ይሆናል።»

አባቴ ታች ለደንበኛ ብሎን እየመረጠ ነበር። «አባባ፣ የፒካፑን ቁልፍ ስጠኝ» አልኩት። ፊቴን አየና ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። ጋሽ ወርቁ ኮታቸውን ይዘው ከጎኔ ገቡ። ብሩክ ክሊኒኩ ጋ ሄዶ እንዲጠብቀን ደወልኩለት።

ከአቃቂ ቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለም፤ በዚያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። ፊታችን ብረት የጫነ ተሳቢ ተጋድሟል፣ አያልፍም አያሳልፍም። ክላክስ ላይ ተኛሁበት። ጋሽ ወርቁ «ቀስ በይ፤ እኛም ታካሚ እንዳንሆን» አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሥራ ውጭ የነገሩኝ የመጀመሪያ ነገር ነው።

ብሎኩ ጋ ስንደርስ ለአምስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ይላል። ጥበቃውን «እትዬ አስካለን ያውቋቸዋል?» አልነው።

«የትኛዋን? ሁለት አሉ።»

«የታመሙትን።»

«ውይ፣ እሷማ አራተኛ ፎቅ፣ በግራ።»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። በሩ በቁልፍ ተቆልፏል። መታሁ፣ ተጣራሁ። የጎረቤት ሴት እጇ ላይ የልብስ ሳሙና አረፋ እንዳለ በሯን ከፈተች።

«ወርደዋል» አለችኝ። «ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነው ያደሩት፤ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። በጠዋት ክሊኒክ እንሂድ ብላቸው ሰዓቴ ዘጠኝ ነው፣ ያለ ሰዓቴ ሄጄ ሰው አላስቸግርም አሉኝ።»

«የት ሄዱ ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። መብራት ስለሌለ ስልክ ቻርጅ ላድርግ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ስወርድ ጋሽ ወርቁ የሉም። በብሎኮቹ መሃል እንደ እብድ ሮጥኩ። አንድ ሱቅ ጠየቅሁ፣ ሁለተኛ ጠየቅሁ፣ የጸጉር ቤት ውስጥ ሳይቀር አንገቴን አስገባሁ። አላየንም ነው መልሱ። በውስጤ ሴትየዋ አንዱ ጥግ ወድቀው እየታዩኝ ነው። ያ አላህ፣ በእኔ ምክንያት ሰው አይሙት እያልኩ ነው የምሮጠው። ብዙ ጊዜ እለምነዋለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ለምኜ አላውቅም።

ስልኬ ጮኸ፤ ጋሽ ወርቁ ናቸው። «ወደ ታክሲ መያዣው ነይ። አግኝቻቸዋለሁ።»

እሳቸው አልሮጡም። መብራት እንደሌለ ከጥበቃው ሲሰሙ ጄኔሬተር የሚሠራበት ሱቅ የቱ ነው ብለው ጠየቁ፤ መብራት ሲጠፋ ሰው ስልክ ቻርጅ የሚያደርገው እዚያ ነዋ። ባለሱቁ «ስልካቸው ይኸውልዎት፣ እሳቸው ታክሲው ጋ ጥላ ስር ተቀምጠዋል» ብሎ ጠቆማቸው።

እትዬ አስካለ ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ካርድ የምትሸጥ ልጅ በርጩማዋን ለቃላቸው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አባብጧል። ጫማ ስለማይገባላቸው ነጠላ ጫማቸውን ጣታቸው ላይ ብቻ አንጠልጥለውታል። ከአንዱ ቃል ወደሌላው ለመሄድ ትንፋሽ ይሰበስባሉ።

«እትዬ አስካለ፣ ከክሊኒኩ ነው የመጣነው። ይነሡ እንሂድ» አልኳቸው።

«ሰዓቴ ... ገና አይደለም እንዴ? ዘጠኝ ነው የሚለው።»

«አዎ፣ ዘጠኝ ይላል። ዓርብስ ሄደው ነበር?»

«ሄድኩ። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ቀጠሮሽ ጠዋት ነበር፣ አልፎሻል፣ ሰኞ ነይ አለችኝ። እኔ ነኝ ... ያጠፋሁት ብዬ አፍሬ ወጣሁ። ዓይኔም እየደከመ ነው። የዛሬውን ግን ደጋግሜ ነው ያየሁት።»

ዓርብ መልእክቱን ለልጅቷ ቢያሳዩ ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር። አላሳዩም። ይሉኝታ ያዛቸው። እኛም ቢሮ ውስጥ ጋሽ ወርቁን ይሉኝታና ኩርፊያ ይዟቸዋል። እኔን ደግሞ የያዘኝ ሌላ ነው፤ ስሙን ታውቁታላችሁ።

ደግፈን ፒካፑ ውስጥ አስገባናቸው። ጋሽ ወርቁ ከጎናቸው ሆነው ወደፊት ዘንበል እንዲሉ ትከሻቸውን ያዙላቸው። ቃሊቲን እስክናልፍ ጥሩ ሄድን፤ ከዚያ መኪናው ሁሉ ቆመ። አምስት ሰዓት ተኩል። አምስት ሰዓት ከአርባ። እትዬ አስካለ ዝም አሉ። እስከዚያ ድረስ ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ይሰማኝ ነበር፤ አሁን ቀነሰ።

«ጋሽ ወርቁ» አልኩ፣ ወደኋላ ለማየት ፈርቼ።

«አሉ። አንቺ መንገዱን እዪ» አሉኝ። ከዚያ ሴትየዋን ስለ ልጆቻቸው ይጠይቋቸው ጀመር። ስንት ናቸው፣ የት ይሠራሉ። እንዳያንቀላፉ መሆኑ ገባኝ። እትዬ አስካለ በአንድ አንድ ቃል ይመልሳሉ። እኔ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ፊት ለፊቴ ያለውን ታክሲ «ወንድሜ፣ በሽተኛ ይዣለሁ፣ አሳልፈኝ» አልኩት፤ ከዚያም የሚቀጥለውን። ሰው ሲለመን ያሳልፋል፤ እስከዚያ ለምኜ ስለማላውቅ አላውቀውም ነበር።

ለስድስት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን። ሲስተር ምሕረት ተሽከርካሪ ወንበር ይዛ በር ላይ ቆማለች። ወዲያው ወደ ውስጥ ወሰደቻቸው።

ብሩክ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቀን ነበር። ጥግ ወሰደኝና «ስሚኝ» አለኝ፣ «ለኃላፊው ኔትወርክ ነበር በይው። መልእክቱ ተዛባ በይ። ኔትወርክ የማያምን ሰው የለም። ይኼንን ደንበኛ ካጣን አለቀልን።»

የፈለገውን ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ጋሽ ወርቁ ሰምተዋል፤ ወለሉን ነው የሚያዩት። እንደገና ዝም ሊሉልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ያ ዝምታ ነው ያስፈራኝ።

የክሊኒኩን ኃላፊ ቢሮ አንኳኩቼ ገባሁ። የሆነውን ከሐሙስ ጠዋት ጀምሬ ነገርኩት። ስጨርስ «ሌላ ስንት ሰው ላይ እንዲህ ሆኗል?» አለኝ። «ማንም ላይ፤ አይቻለሁ። ያጣራሁበትን ዝርዝር ዛሬ እሰጥሃለሁ» አልኩት። «እስክታስተካክሉት መልእክቱን አቁሙት፤ በስልክ እንደውላለን። የኛም የመቀበያ ሠራተኛ ታካሚን እንዲህ መመለስ አልነበረባትም» አለ። አላባረረንም። ቢያባርረንም ልክ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር ምሕረት ወጣችና «በጊዜ ደርሳችኋል» አለችን። «ሌላ ሁለት ሰዓት ቢቆዩ ኖሮ አላውቅም።» ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

እትዬ አስካለ ጋ ገባሁ። ፊታቸው ትንሽ ጎድሏል፤ ትንፋሻቸው ሞልቷል። ከአልጋቸው አጠገብ ቆሜ «ያጠፉት እርስዎ አይደሉም። የመልእክቱን ሰዓት ያዛባሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። «ልጄ፣ ማንም ይሳሳታል» ይላሉ ብዬም ጠበቅሁ። ሁለቱንም አላሉም።

«መልእክቱ ላይ ስልክ የለውም እኮ» አሉ። «ግራ ሲገባኝ መልሼ ልደውል ሞከርኩ፤ አይሠራም አለኝ። ማንን ልጠይቅ?»

ይህ ጥያቄ ነው እኔን የቀየረኝ። የሠራሁት ሁሉ እንዲያ ነበር ለካ። የሚናገር እንጂ የማይጠየቅ። ኮዴም፣ መልእክቴም፣ እኔም።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስንገባ «ጋሽ ወርቁ፣ ያቺን ወረቀት ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ያኔውኑ ቀድጄ ጣልኳት» አሉኝ።

«እንግዲያው አሁን ይናገሩ፤ እኔ እጽፋለሁ።»

ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ጻፍን። አንዳንዱ ላይ ተከራከርን፤ ሁሉንም አላሸነፉም። ሰዓት የያዘ ስም ሁሉ የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ ራሱ እንዲናገር፣ ቀንም እንደዚያው። ሌላው ያላነበበው ኮድ ከቢሯችን እንዳይወጣ። እኔ የጨመርኩት ደግሞ አንድ አለ፤ የሰው ኮድ የሚያነብ ሰው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ «አይቼዋለሁ» ማለት አይችልም፤ ጥያቄውን በሳቅ የመለሰ ሰው ያን ሥራ እንደገና ይጽፋል። ብሩክ «ይቺ ላንቺ የተጻፈች ናት» አለኝ። አዎ አልኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ እንደገና ጽፌያለሁ።

ዛሬ ስድስት ሰው ሆነናል። አሁንም ፈጣን ነኝ፤ አሁንም በራሴ እተማመናለሁ፤ ማንም ዝግ በይ ቢለኝ አልሰማም። ደንብ ግን ፍጥነቴን አልወሰደብኝም። እናንተም ኮድ ባትጽፉ እንኳ የሆነ ቦታ ሥራችሁን ተቀብሎ የሚቀጥል ሰው አለ። ደብተር የምታስረክቡ፣ መድኃኒት የምትጽፉ፣ መጋዘን የምትዘጉ ሁሉ። ያ ሰው ካንተ ያንሳል ወይም ካንቺ ይበልጣል፣ ተቀይሟል ወይም ያፍራል፤ ብቻ የማይጠይቅበት ምክንያት አያጣም። እንዲጠይቅ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው። እኔ ይህንን የተማርኩት የሌላ ሰው ነፍስ አስይዤ ነው፤ እናንተ በዚህ ዋጋ አትማሩት።

መልእክቱ አሁን «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል፤ ከሥሩም የቢሯችን ስልክ አለ። እትዬ አስካለ ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በፊት ይደውላሉ። ትናንትም ደወሉ።

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላል። የጠዋቱ ነው አይደል?»

«አዎ፣ የጠዋቱ ነው።»

«አውቄዋለሁ፤ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ይጠይቁኝ» አልኳቸው።